ዐቢይ ቀመር፤ የ532 ባሕርይ

ተማሪዎች ሆይ፤ ከደሴ ከተማ በስተሰሜን፣ በሐይቅ ውኃ ዳር፣ አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ምዕተ ዓመት ያስፋፉት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ይገኛል። በእንዲህ ያሉ ጥንታዊ የትምህርት ማእከላት ከሚሰጡት ትምህርቶች አንዱ ባሕረ ሐሳብ ነው። ባሕረ ሐሳብ የአጽዋማትንና የበዓላትን ዕለት የሚያስገኝ የዘመን ስሌት ነው። የስሌቱ ማሰሪያ 532 የተባለው ቁጥር ሲሆን፣ በግዕዝ አኃዝ ፭፻፴፪ ተብሎ ይጻፋል። ሊቃውንቱ ይህን ዙር ዐቢይ ቀመር ይሉታል።

ይህ ቁጥር ለምን ተመረጠ? 532 ሲተነተን 4 × 7 × 19 ሆኖ ይገኛል። ሦስቱም ቁጥሮች በየራሳቸው ሥራ አላቸው። ጳጉሜን በየ4 ዓመቱ አንድ ጊዜ 6 ቀን ስለምትሆን፣ 4 የአራቱ ወንጌላውያን ዙር ነው። 7 የሳምንቱ ዕለታት ቁጥር ነው። 19 ደግሞ የፀሐይና የጨረቃ መገናኛ ነው፤ 19 የፀሐይ ዓመታትና 235 የጨረቃ ወራት በርዝመት እጅግ ይቀራረባሉና።

ሦስቱን ማባዛት ስለ ምን አስፈለገ? ምሳሌ እንውሰድ። ቀፎአቸውን ባንድ ቦታ የሰቀሉ ሁለት የአምባሰል ንብ አርቢዎች ዛሬ ተገናኙ እንበል። አንደኛው በየ4 ቀኑ፣ ሁለተኛው በየ6 ቀኑ የሚመለሱ ቢሆን፣ ዳግመኛ የሚገናኙት በ24ኛው ሳይሆን በ12ኛው ቀን ነው፤ 4 እና 6 ሁለቱም ለ2 ይካፈላሉና። ሁለተኛው በየ7 ቀኑ የሚመለስ ከሆነ ግን ከ28ኛው ቀን በፊት አይገናኙም። 4፣ 7 እና 19 ከ1 በቀር የሚጋሩት አካፋይ የላቸውም። ስለዚህ ዙሮቹ ሁሉ ባንድነት ወደ መነሻቸው የሚመለሱት 532 ዓመት ሲፈጸም ነው።

ይህንኑ በስሌት እናረጋግጥ። 365 ቀን 52 ሳምንት ከ1 ቀን ስለሆነ፣ የዘመን መለወጫ ዕለት በየዓመቱ በ1 ቀን ወደ ፊት ይገፋል፤ በ532 ዓመት 532 ቀን ማለት ነው። ስድስተኛዋ የጳጉሜን ቀን 133 ጊዜ ስትጨመር ድምሩ 665 ይሆናል። ይህም 7 × 95 ስለሆነ ቀሪ የለውም፤ ዕለቱ ወደ ነበረበት ይመለሳል። በ2000 ዓ.ም. ፋሲካ ሚያዝያ 19 ቀን ውሏል፤ በዚሁ ቀመር መሠረት በ2532 ዓ.ም. እንደገና ሚያዝያ 19 ቀን ይውላል።

ሆኖም አንድ ነገር ልብ በሉ። ቁጥሩ በስሌት ባይሳሳትም፣ ጨረቃ በየ19 ዓመቱ ከስሌቱ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ትቀድማለች። ልዩነቱ በ532 ዓመት ውስጥ ከአንድ ቀን ተኩል ይበልጣል። ስለዚህ በስሌት የምትገኘው ጨረቃ በሰማይ ከምትታየው ጋር ሁልጊዜ አትገጥምም።

እንግዲህ በባሕረ ሐሳብ ዋናው ጉዳይ ድርሻው ሳይሆን ቀሪው ነው። ቀሪውን የሳተ መምህር ጾሙን ያለ ጊዜው ያስጀምራል፤ በዓሉንም ያለ ዕለቱ ያስከብራል።

መልመጃ፦ የተወለዳችሁበትን ዓመተ ምሕረት ከ5500 ጋር ደምሩና ለ4 አካፍሉ። ቀሪው 1 ቢሆን ዘመኑ ማቴዎስ፣ 2 ቢሆን ማርቆስ፣ 3 ቢሆን ሉቃስ ነው፤ ቀሪ ከሌለ ግን ዮሐንስ ነው። የሠራችሁበትን መንገድ በአንድ አንቀጽ አስረዱ።