«እኔ ልሥራው» ከማለታችን በፊት



ሶፍትዌር የምንማር ብዙዎቻችን በኦፕን ሶርስ ፕሮጀክቶች ላይ በነፃ ለመሥራት እንመኛለን። ሰው ሁሉ የሚጠቀምበትን ነገር ለአላህ ብሎ መሥራት መልካም ኒያ ነው። ከምናቀርባቸው እርዳታዎች ከባዱ ግን የአንድን ፕሮጀክት ቢልድ ሲስተም መቀየር ነው።

ቢልድ ሲስተም የተጻፈውን ኮድ ወደሚሠራ ፕሮግራም የሚለውጠው መሣሪያ ነው። የትኛው ፋይል መቼ ኮምፓይል እንደሚደረግ፣ የትኛው ላይብረሪ እንደሚያስፈልግ የሚወስነው እሱ ነው። እሱ ከተበላሸ የሁሉም ሥራ ይቆማል።

ኬዲኢ የተባለው የሊኑክስ ዴስክቶፕ ለአራተኛ እትሙ መጀመሪያ ኤስኮንስን ሞክሮ አልሆነለትም። እ.ኤ.አ. በ2006 ወደ ሲሜክ ዞረ። በዚህ ጊዜ የሲሜክ ሠሪዎች ራሳቸው ስላገዙት ሥራው ከዳር ደረሰ።

እኛስ እርዳታ ስናቀርብ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ አስቀድመን እንጠይቅ። ማንም ያላወቀውን ትልቅ ለውጥ ሠርቶ «ተቀበሉኝ» ማለት ለሚገመግመው ሰው ሸክም ነው።

ሁለተኛ፣ አሮጌውን ወዲያው አናፍርስ። ሲስተምዲ እ.ኤ.አ. በ2017 ሜሰንን ሲያስገባ በ234ኛው እትም ከአሮጌው ጎን ለጎን አስኬደው፤ አሮጌውን ያስወጣው ከዚያ በኋላ ነው። ፖስትግሬስኪውኤልም እ.ኤ.አ. በ2023 በወጣው 16ኛ እትሙ ሜሰንን ሲጨምር ሊኑክስ ላይ የለመዱትን የቀድሞውን መንገድ አልዘጋም።

ሦስተኛ፣ ውጤቱን እናወዳድር። በሁለቱም መንገድ ገንብተን የሚጫኑት ፋይሎች አንድ መሆናቸውን፣ ቴስቶቹም በሊኑክስ፣ በዊንዶውስና በማክ ማለፋቸውን እንይ።

አራተኛ፣ ስለ ጊዜያችን እውነቱን እንናገር። «ፈተና እስኪያልፍ አልችልም» ማለት አያሳፍርም። የሚያሳፍረው «ኢንሻአላህ» ብሎ መጥፋት ነው። ያቺ ቃል ከልብ ላሰብነው ሥራ እንጂ ለማምለጫ አልተሰጠችንም።

ቃል አማና ነው። ግማሽ ላይ የተተወ ለውጥ ፕሮጀክቱን በሁለት ጎዶሎ ሥርዓቶች መካከል ያስቀረዋል፤ የሚያጸዳውም እንደኛው በነፃ የሚሠራ ሌላ ሰው ነው። ከተቀየረም በኋላ «ኮምፒውተሬ ላይ አልገነባ አለኝ» የሚሉ ጥያቄዎች ለወራት ይመጣሉ፤ መልስ የሚጠበቀው ከቀያሪው ነው። ይህን ሁሉ የማንችል ከሆነ አንዲት ስህተት አርመን እንጀምር። ትንሹም ሥራ አላህ ዘንድ አይጠፋም።

አላህ የጀመርነውን የምንፈጽም ያድርገን። አሚን!