ደግነት ከየት መጣ?

ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1859 ስለ ዝርያዎች አመጣጥ የጻፈውን መጽሐፍ ካሳተመ ወዲህ አንድ ጥያቄ አልበረደም። ተርፎ የሚዋለደው ለራሱ የሚያደላው ከሆነ፣ ለሌላው ብሎ እሳት ውስጥ የሚገባው ሰው ዘሩ ሳይጠፋ እንዴት ቆየ? ዳርዊን ራሱ በ1871 ስለ ሰው አመጣጥ በጻፈው መጽሐፍ ተመልሶበታል። ደፋሩና ለጋሱ ቀድሞ ስለሚሞት ጥቂት ልጅ ትቶ ያልፋል፤ ሆኖም ለመረዳዳትና ለወገን ለመሞት የተዘጋጁ ሰዎች የበዙበት ጎሳ ሌላውን ጎሳ ያሸንፋል አለ። መልሱ ብልህ ነው፣ ግን መራራ ነገር አለበት። ለወገን የሚሳሳው ልብ የጎለመሰው ከጎረቤት ጋር በመዋጋት ነው ማለት ነውና።

የዳርዊን ዋና ተሟጋች የነበረው ቶማስ ሀክስሊ በ1893 ኦክስፎርድ ላይ ባደረገው ንግግር፣ የተፈጥሮ አካሄድ የሥነ ምግባር አስተማሪ ሊሆን አይችልም፣ ማኅበረሰብ በግብረገብ የሚያድገው ያንን አካሄድ በመታገል ነው ሲል ተከራከረ። ሩሲያዊው ልዑል ፒዮትር ክሮፖትኪን በዚህ አልተስማማም። በወጣትነቱ ሳይቤሪያን ተዘዋውሮ ሲያጠና፣ ዳርዊናውያን የሚያወሩለትን የእርስ በርስ ሽሚያ ፈልጎ እምብዛም አላገኘም፤ ያገኘው እንስሳት ተባብረው ብርድንና በረዶን ሲቋቋሙ ነው። በ1902 ባሳተመው መጽሐፍ መረዳዳት ከዝግመተ ለውጥ ምክንያቶች አንዱ ነው አለ። በእንስሳት ጠባይ ረገድ ክሮፖትኪን የተሻለ አይቷል ባይ ነኝ። የሀክስሊ ነጥብ ግን እስካሁን አልተነቀነቀም፦ አንድ ጠባይ ከተፈጥሮ ስለተገኘ ብቻ ትክክል አይሆንም። ቅናትም ከተፈጥሮ ነው።

በ1964 ዊሊያም ሃሚልተን ለሥጋ ዘመድ የሚከፈል መሥዋዕትነት ከትውልድ ትውልድ እንዴት እንደሚዘልቅ በሒሳብ አሳየ። በ1971 ደግሞ ሮበርት ትሪቨርስ ዝምድና በሌላቸው መካከል ብድር በመመለስ የሚጸናውን መተጋገዝ አብራራ። ወንፈል ለሚያውቅ አንባቢ ይህ እንግዳ ሐሳብ አይደለም። ዘመድም ያልሆነ፣ ውለታም ሊመልስ የማይችል ባዳ ሲረዳ ግን ሁለቱም በቂ ማብራሪያ አይሰጡም።

የእኛው የመካከለኛው አዋሽ ሸለቆም ለምስክርነት ተጠርቷል። እዚያ የተገኘችው አርዲ የተባለች የጥንታዊ የሰው ዘር ቅሪተ አካል 4.4 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ አላት፤ የዝርያዋ ወንዶች ክራንቻ ከወንድ ቺምፓንዚ ክራንቻ በጣም ያንሳል። ኦዌን ላቭጆይ በ2009 ይህን ይዞ በወንዶች መካከል የነበረው ጠብ ገና ያኔ ቀንሷል ሲል ጻፈ፤ ሁሉም ሊቃውንት አልተቀበሉትም። እዚያው የተገኘው የቦዶ ራስ ቅል ደግሞ ወደ 600 ሺህ ዓመት ይጠጋል፤ ሥጋው በድንጋይ መሣሪያ የተገፈፈበት ጭረት አለው። ለመብል ይሁን ለቀብር ሥርዓት አልታወቀም። ከአጥንት ፍርድ የሚጠብቅ ሰው ለሁለቱም ወገን ማስረጃ ያገኛል።

ሕፃናት የበለጠ ይነግሩናል። ፊሊክስ ቫርነከንና ማይክል ቶማሰሎ በ2006 ባሳተሙት ጥናት፣ የ18 ወር ሕፃናት የማያውቁት ሰው ዕቃ ወድቆበት መድረስ ሲያቅተው ሽልማት ሳይጠብቁ አንስተው አቀብለውታል። እንግዲህ የመርዳት ዝንባሌው ቀድሞም አለ። ምርጫው የሚጀምረው፣ ይመስለኛል፣ «ወገኔ» የምንለው ሰው የት ድረስ እንደሆነ ስንወስን ነው።

ይህን በቅርብ ያጠናው ሳሙኤል ኦሊነር ነው። በልጅነቱ ፖላንድ ውስጥ ናዚዎች ቤተሰቡን ሲፈጁ እሱን ያተረፈችው አንዲት ካቶሊክ ገበሬ ናት። በኋላ አሜሪካ ውስጥ የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ ሆኖ፣ ከባለቤቱ ከፐርል ጋር አይሁዶችን ያዳኑ ከ400 የሚበልጡ ሰዎችን አነጋግሮ ውጤቱን በ1988 አሳተመ። አዳኞቹን እጃቸውን አጣጥፈው ከተቀመጡት የለያቸው የሃይማኖተኛነታቸው መጠን አልነበረም። ይበልጥ የለያቸው አስተዳደጋቸው ነው፦ በልጅነታቸው ሲያጠፉ ወላጆቻቸው ከመምታት ይልቅ ጥፋታቸው ማንን እንደጎዳ ያስረዷቸው ነበር፤ ከራሳቸው ወገን ውጭ ላለውም ሰው ኃላፊነት እንዳለባቸው አስተምረዋቸዋል።