ዘይቱ ከተለወጠ በኋላ የምትበራው መብራት

በይርጋጨፌ ለሚኖር ባለመኪና፥ ጥገና መድረሱን የምታሳስበው ቢጫ መብራት በበራች ቍጥር ወደ አዲስ አበባ መውጣት 400 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ነው፤ ያውም ቡና በሚለቀምበት ወራት። ለዚህች መብራት ሲባል ግን ጉዞ መጀመር አያስፈልግም። የዘይቱን መክፋት የምታይበት ዓይን የላትም፤ ለአሜሪካ ገበያ በተሠሩ በብዙዎቹ ቶዮታዎች፥ 5000 ማይል ወይም 8000 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሞላ በቈጠራ ብቻ ትበራለች።

ዘይቱና ፊልትሮው ተለውጦ እንደ ሆነ፥ በነዚህ መኪናዎች ቆጣሪውን ጠቅላላውን ኪሎ ሜትር (በአንዳንዶቹ የመጀመሪያውን የጉዞ ልክ) ወደሚያሳይበት አምጥተን ቁልፉን እንዘጋለን። ቀጥሎም የቆጣሪውን መጫኛ ተጭነን ሳንለቅ፥ ሞተሩን ሳናስነሣ ቁልፉን እንከፍታለን። ሰረዞቹ አልቀው ዜሮ ሲታይ መብራቷ ትጠፋለች። እንቢ ካለች ከመኪናው ጋራ የመጣውን መመሪያ መጽሐፍ መመልከት ነው።

ዘይት ሳይለውጡ እርሷን ማጥፋት ግን፥ ይልቁንም መኪናውን ለመሸጥ ሲሉ፥ ሐሰት መናገር ነው፤ ገዢው ልጆቹን ያሳፍርበታልና። የዘይት ማንቈርቈሪያ ቅርጽ ያላት ቀይዋ መብራት ደግሞ ሌላ ናት። የዘይት ግፊት መውረዱን ስለምትናገር፥ በመንገድ ላይ ብትበራ ዳር ይዞ ሞተሩን ወዲያው ማጥፋት፥ የዘይቱንም ልክ በመለኪያው ዘንግ ማየት ይገባል።