የቆላ ዝንብን ከሚመስሏት እንዴት እንለያታለን?

ከብት አርቢው በሬው እየከሳ፣ ፀጉሩ እየሻከረ፣ ከመንጋው ወደ ኋላ እየቀረ መሄዱን ሲያይ ገንዲ ይዞት ይሆናል ብሎ ይጠረጥራል። ጥርጣሬው እውነት ሊሆን ይችላል። በሽታውን ያመጣችበት ዝንብ የትኛዋ እንደሆነች ግን ከዚህ ብቻ ማወቅ አይቻልም። በአንድ መንጋ ዙሪያ ደም የሚመጡ የሦስት አስተኔ፣ ማለትም የሦስት ቤተሰብ ዝንቦች ሊገኙ ይችላሉና። እነርሱም የቆላ ዝንብ (ግሎሲኒዴ)፣ ከቤት ዝንብ ጋር አንድ አስተኔ የሆነችው የበረት ዝንብ (ስቶሞክሲስ) እና የፈረስ ዝንብ (ታባኒዴ) ናቸው።

የፈረስ ዝንብ ብዙ አታስቸግርም። አካሏ ደንደን ያለ ሲሆን ዓይኖቿ አብዛኛውን ራሷን ይሸፍናሉ፤ በሕይወት ሳለች አረንጓዴ ሆነው ያብረቀርቃሉ። ይህ ውበት ዝንቧ ስትደርቅ ስለሚጠፋ በመርፌ ተሰክቶ የተቀመጠ ናሙና ብቻ ያየ ተማሪ ሜዳ ላይ ሲያገኛት ግር ሊለው ይችላል። ደም የምትመጠው ሴቷ ብቻ ናት።

ዋናው ችግር ያለው በቀሪዎቹ ሁለቱ ላይ ነው። ሁለቱም ግራጫ ወይም ቡናማ ናቸው፤ ሁለቱም መውጊያቸውን ወደ ፊት ቀስረው ይታያሉ፤ ወንዱም ሴቷም ደም ይመጣሉ። ስለዚህ በመጀመሪያ አቀማመጣቸውን እንመልከት። የቆላ ዝንብ ስታርፍ ክንፎቿን እንደ ተዘጋ መቀስ አንዱን በአንዱ ላይ ደርባ በጀርባዋ ላይ ታስተኛለች። የበረት ዝንብ ግን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ከፈት ታደርጋቸዋለች። ቀጥሎ መውጊያቸውን እናስተውል። የቆላ ዝንብ መውጊያ ርዝመቱን በሚያህሉ ሁለት መዳሰሻዎች ታቅፎ ስለሚገኝ ወፍራም ይመስላል፤ የበረት ዝንብ መዳሰሻዎች አጫጭር በመሆናቸው መውጊያዋ ቀጭንና እርቃኑን የወጣ ነው።

ዝንቧ በወጥመድ ውስጥ ተሰባብራ ብትገኝስ? አንድ ክንፍ ብቻ ይበቃናል። በቆላ ዝንብ ክንፍ መካከል ያሉት ጅማቶች የመጥረቢያ ቅርጽ ያለው ክፍል ይከልላሉ። ይህ ምልክት በሌሎቹ አይገኝም። ራሷ ከተገኘ ደግሞ በአጉሊ መነጽር አንቴናዋን እንመርምር። በአንቴናው ላይ ያለው ጭራ መሰል ፀጉር በሁለቱም ዝንቦች ላይ በአንድ ጎኑ ብቻ ጥቃቅን ፀጉሮች ያበቅላል፤ የቆላ ዝንብ ፀጉሮች ግን እያንዳንዳቸው እንደገና ቅርንጫፍ ያወጣሉ። በቤት ዝንብ ላይ ፀጉሮቹ በሁለቱም ጎን ይታያሉ።

ይህን ሁሉ ድካም የሚጠይቀን፣ የቆላ ዝንብን ለመያዝ የሚዘረጋው ሰማያዊና ጥቁር የጨርቅ ወጥመድ ሌሎቹንም የሚስብ በመሆኑ ነው። የተያዘውን ሁሉ የቆላ ዝንብ ብሎ የቆጠረ ባለሙያ ዝንቧ በሌለችበት አገር አለች ብሎ ይመዘግባል፤ ገንዘብና ድካምም ያለ ቦታው ይውላል። በቆላ ዝንብ ውስጥ የገንዲ አምጪው ትሪፓኖሶማ አድጎና ተባዝቶ ይተላለፋል። የበረት ዝንብና የፈረስ ዝንብ ግን በመውጊያቸው የቀረውን ደም ከአንዱ ከብት ወደ ሌላው በአጭር ጊዜ ውስጥ ያደርሳሉ እንጂ ተሕዋሱን አያሳድጉትም። ትሪፓኖሶማ ቪቫክስ የተባለው ዝርያ የቆላ ዝንብ በሌለችበት በጣና ሐይቅ ዙሪያ ከብቶችን የሚያጠቃው በዚህ መንገድ ነው ተብሎ ይታመናል።

መከላከያውም ይለያያል። የቆላ ዝንብ እንቁላል አትጥልም፤ አንድ ሙሉ በሙሉ ያደገ እጭ በዘጠኝና በዐሥር ቀን ገደማ ትወልዳለች። ርቢዋ አዝጋሚ ስለሆነ ወጥመድ ቁጥሯን ሊጎዳው ይችላል። የበረት ዝንብ በበሰበሰ ገለባና በእበት ላይ እንቁላሎቿን በመቶዎች ትጥላለች። በእርሷ ላይ ጨርቅ ከመስቀል ይልቅ በረቱን መጥረግ፣ እርጥብ ገለባውንም ዘርግቶ ማድረቅ ይበልጥ ይጠቅማል።