ከተረከዝ ጀርባ ያለችው ከረጢት

ከተረከዝ አጥንትና ከወፍራሙ የተረከዝ ጅማት መካከል ጥቂት ፈሳሽ የያዘች ትንሽ ከረጢት አለች። ሐኪሞች ቡርሳ ይሏታል። ሥራዋ ጅማቱ ከአጥንቱ ጋር እንዳይፋተግ ማለስለስ ነው። በጉልበት፣ በትከሻና በክርን ላይ ሥራዋን የሚሠሩ ብዙ እህቶች አሏት። ደህና እስከሆነች ድረስ የሚያስታውሳት የለም፤ ስትቆጣ እንኳ ጥፋቱ ለብርድ ይሰጣል።

ከሚዛን እስከ ቴፒና በበቃ ባለው የቡና አገር ለመቆጣት ምክንያት አታጣም። ሽቅብ ሲወጡ እግር ከቁርጭምጭሚቱ ወደ ላይ ስለሚታጠፍ ጅማቱ ከረጢቷን አጥንቱ ላይ ይጫናታል። ቡና ለቃሚ ከፍ ያለውን ቅርንጫፍ ለመሳብ በእግሩ ጣቶች ሲቆም ደግሞ ጅማቱ ይወጠራል። በቆዳና በጅማቱ መካከል ያለችውን ሌላዋን ከረጢት የሚያስቆጣት ጀርባው ደረቅ የሆነ ጫማና ቦቲ ነው። አንዳንድ ሰው ተረከዙ ላይ ጎበጥ ያለ አጥንት ስላለው ጫማ ቶሎ ይልጠዋል፤ ይህን ጉብታ ስዊድናዊው ሐኪም ፓትሪክ ሃግሉንድ በ1928 እ.ኤ.አ. ጽፎበታል።

እኔን የሚያናድደኝ መታሸቱ ነው። ገበያ ላይ ያገኘኋቸው አንዲት እናት ከጅማቱ ግራና ቀኝ አብጦ እያነከሱ፣ «በቅባት አስታሸሁት፤ ባሰበት እንጂ አልተሻለኝም» አሉኝ። እንዴት ይሻልዎት እማማ! በመፋተግ የታመመውን ነገር መልሰው አፋተጉት እኮ። እዚህ ቦታ ወልቆ የሚመለስ አጥንት፣ ዞሮ የሚቃና ሥር የለም። የተቆጣች ከረጢት ናት ያለችው፤ በጫኗት ቁጥር ፈሳሽ ታበዛለች፣ ፈሳሿ ሲበዛ ቦታው ይጠባል፣ ሲጠብ ደግሞ ይበልጥ ትጨመቃለች። ለሚነኩት ሰው የምፈቅደው አንድ ነገር ነው፦ ልክ ከጅማቱ ፊት ግራና ቀኙን በሁለት ጣት ቀስ አድርጎ ቆንጠጥ ማድረግ። እዚያ ላይ ካመመ ብዙውን ጊዜ እሷ ናት። ሕመሙ ከተረከዝ ሥር ሆኖ ጠዋት ከአልጋ ሲወርዱ የመጀመሪያው እርምጃ ላይ የሚወጋ ከሆነ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ የውስጥ እግር ጅማት ይጠርጠር።

ሕክምናው የሚያኮራ አይደለም። ዳገቱን ለጊዜው መተው፣ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ወይም ቀዝቃዛ እርጥብ ጨርቅ ለ15 ደቂቃ ያህል በቀን ደጋግሞ መያዝ፣ በሁለቱም ጫማ ውስጥ ተረከዝን ከፍ የሚያደርግ ንጣፍ ማስገባት። የጫማ ጀርባ ረግጠን ስንሄድ እናቶቻችን ይቆጡን ነበር፤ በዚህ ሕመም ጊዜ ቤት ውስጥ ጀርባው ክፍት የሆነ ጫማ ነው የሚሻለው። በባዶ እግር ወደ ማሳ መውጣትን ግን አልመክርም፤ ቀይ አፈርን ለዓመታት በባዶ እግር መርገጥ ዝሆኔ ያመጣል። አይቡፕሮፌን ያስታግሳል፤ ጨጓራና ኩላሊት ያለበት ሰው ሳይጠይቅ አይዋጥ። «አንድ መርፌ ውጉኝና ልገላገል» የሚሉም አሉ፤ ጅማቱ አጠገብ የሚወጋ ስቴሮይድ ጅማቱን ሊያስበጥስ ስለሚችል ለልዩ ሐኪም እንጂ ለሠፈር መርፌ የሚተው አይደለም።

ቦታው ቀልቶ ከጋለና ትኩሳት ከመጣ ከረጢቷ ሳታመረቅዝ አልቀረችም፤ ያን ዕለቱን ሐኪም ይየው። ድንገት ከኋላ «ጧ» ብሎ በጣት መቆም ካቃተም እንዲሁ፤ ያ ጅማቱ ነው።