እርሾ ትንፋሽ ሲያጥረው

በነቀምቴና በአካባቢዋ ከተሞች ጠጅ የሚጥሉ እናቶች ብርዝ የሞላውን ጋን ከድነው ያስቀምጡታል። ከጥቂት ቀናት በኋላ ጋኑ እሳት ሳይነድድበት ይፈላል፤ አረፋው ይነሣል፤ ጣፋጭነቱም ይቀንሳል። በዚያው በወለጋ ምድር የፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ከስኳር ተረፈ ምርት፣ ማለትም ከሞላሰስ፣ ኤታኖል ሲያመርት ቆይቷል። የሁለቱም ሥራ ባለቤት በዓይን የማይታየው እርሾ ነው። ለመሆኑ ስኳሩ ወዴት ይሄዳል?

እርሾ እንደ ማንኛውም ሕያው ነገር ለመኖር ኃይል ይሻል። ኦክስጅን ሲያገኝና ስኳሩ ጥቂት ሲሆን ይተነፍሳል፤ ግሉኮስን ሙሉ በሙሉ ወደ ውኃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለውጣል። ብዙ ኃይል ስለሚያገኝም በፍጥነት ይራባል። ኦክስጅን ሲያጣ ግን ስኳሩን ያብላላል፤ ከ180 ግራም ግሉኮስ 92 ግራም ኤታኖልና 88 ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል።

አሁን የኃይሉን ሒሳብ እናስላ። 180 ግራም ግሉኮስ ሙሉ በሙሉ ቢቃጠል 2,800 ኪሎጁል ያህል ይሰጣል። ከእርሱ የተገኘው 92 ግራም ኤታኖል ደግሞ ሲቃጠል 2,730 ኪሎጁል ገደማ ይሰጣል። እንግዲህ የሚያብላላው እርሾ ከኃይሉ የሚነካው ጥቂቱን ብቻ ነው፤ የቀረው በኤታኖሉ ውስጥ ተከማችቶ ይቆያል። በዚህም ምክንያት እርሾው ለመኖር እጅግ ብዙ ስኳር መፍጀት ግድ ይሆንበታል። ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1861 አየር የገባለት እርሾ ከተመሳሳይ ስኳር ይበልጥ እንደሚራባ፣ ነገር ግን የማብላላት ሥራው እንደሚቀንስ አስረድቷል።

እዚህ ላይ ብዙ ተማሪዎች የሚስቱት ነጥብ አለ። «ኦክስጅን ካለ ኤታኖል የለም» ማለት ሁልጊዜ እውነት አይደለም። ስኳሩ ሲበዛ የጠጅም ሆነ የዳቦ እርሾ አየር እያለውም ያብላላል፤ ይህም የክራብትሪ ውጤት ይባላል። ስለሆነም እርሾን ራሱን ለገበያ የሚያመርቱ ፋብሪካዎች አየር በብዛት እየነፉ ስኳሩን በጥቂት በጥቂቱ ይመግቡታል። ኤታኖል የሚሻ ግን ስኳሩን ያበዛል፤ አየሩንም ይነፍጋል።

የጋዙስ ነገር? ከ180 ግራም ግሉኮስ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት በነቀምቴ የአየር ግፊት፣ 60 ሊትር ያህል ቦታ ይይዛል። ጋዙ ከጋኑ አየሩን ገፍቶ ስለሚያስወጣ እርሾው የራሱን ትንፋሽ ራሱ ያሳጥራል። ፍላቱ ያላለቀ ጠጅ በጠርሙስ ታሽጎ ቢቀመጥ ግን ጠርሙሱ ሊፈነዳ ይችላል። ካለቀ በኋላ ክፍቱን ቢተውም ባክቴሪያዎች በኦክስጅን እየታገዙ ኤታኖሉን ወደ ኮምጣጤ ይለውጡታል። የጋን አከዳደን ትልቅ ጥበብ የሆነውም ስለዚህ ነው።

በ2001 ዓ.ም. በአዲስ አበባ 5 በመቶ ኤታኖል የተቀላቀለበት ቤንዚን መሸጥ ተጀመረ፤ በ2003 ዓ.ም. ድርሻው ወደ 10 በመቶ ከፍ ብሎ ነበር። በዚያ ዘመን መኪናዎቹን ያንቀሳቀሰው ከፊሉ ኃይል የሸንኮራ አገዳ ከፀሐይ የሰበሰበው፣ ትንፋሽ ያጠረው እርሾም ሳይጠቀምበት የተወልን ነበር።