ትንሿ የፊልም ኮምፒዩተር፦ ዋጋዋ በሜሞሪ አይለካም

ከቴሌቪዥን ሥር ተቀምጠው ፊልም እንዲያሳዩ የሚሸጡ ትንንሽ ኮምፒዩተሮች ከውጭ ሲታዩ ልዩነት የላቸውም። ሻጭ የሚያወድሰው ሜሞሪያቸውን ነው፤ 8 ጊጋ፣ 16 ጊጋ እያለ። ገዢ መጠየቅ ያለበት ግን የፕሮሰሰሩን ስም ነው።

ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው ጄ4125 እና በ2023 ያወጣው ኤን100 ሁለቱም ባለ አራት ኮር ሲሆኑ፣ አምራቹ የሰጣቸው የኃይል ልክ 10 እና 6 ዋት ነው። ታምቆ የመጣን ፊልም የሚፈታው በፕሮሰሰሩ ውስጥ ለዚሁ የተሠራ ክፍል ነው። ይህ ክፍል ፊልሙ የታመቀበትን ዘዴ ካላወቀ ሸክሙ በኮሮቹ ላይ ይወድቃል፤ በ4ኬ ፊልም ላይ ትንሽ ፕሮሰሰር አይችለውም፣ ምስሉ ይቆራረጣል። ጄ4125 ኤችኢቪሲንና ቪፒ9ን ይፈታል፤ በ2018 የወጣውንና ዩቲዩብና ኔትፍሊክስ የሚጠቀሙበትን ኤቪ1 ግን አያውቅም። ኤን100 ሦስቱንም ያውቃል። ሜሞሪ ቢጨመር ይህ አይለወጥም።

አሮጌው ሣጥን አይረባም ማለት አይደለም፤ ለፉል ኤችዲ ፊልም ይበቃል፣ ዋጋውም በዚያው ልክ መሆን ይኖርበታል። ባለ 4ኬ ቴሌቪዥን ላላቸው ደንበኞች የሚያስመጣ ነጋዴ መሰኪያውንም ማየት አለበት፦ ኤችዲኤምአይ 1.4 ብቻ ያለው ሣጥን 4ኬን በሰከንድ ከ30 ምስል በላይ አያሳልፍም፤ ኳስ ለሚያይ ደንበኛ ይህ አይበቃውም።